አልጋ የያዘ አባል

በሽታም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ስኳርና ደም ግፊት፣ ለምሳሌ፣ የተከበሩ ናቸው፤ ባለቤታቸው ሰው መሃል ቁጭ ብሎ "እኔ እንኳ ስኳር አለብኝ" ሲል ድምፁ ውስጥ አንዲት ቀጭን ኩራት ትሰማላችሁ። ወባ ደግሞ ዘመድ ናት፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ወባ የማታውቀው ሰው ካለ የመጣበት አገር ይጠየቃል። ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት… እነዚህማ ትልልቆቹ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ብርቱካን ገዝቶ ይመጣል፤ የኛው "እግዜር ይማርህ"፣ ጎረቤት "አላህ ያሽርህ" ይላል። የቆዳ በሽታ የያዘው ሰውስ ምን ይባላል? "አትከከው!" ይባላል። በቃ። ለሚያክ ሰው ብርቱካን ይዞ የመጣ ጠያቂ እኔ እስከ አምና ድረስ አላየሁም ነበር።

ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የሰው አይመስለኝም፤ የበሽታው ነው። አይገድልም፤ ስለዚህ የሚያለቅስለት የለም። አይለቅም፤ ስለዚህ "እንኳን ማረህ" የሚለው የለም። ከጠዋት እስከ ማታ አብሮህ ይውላል፣ አብሮህ ያድራል፣ እንደ ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት ነው። ከዚያ ደግሞ ገንዘብ ይወዳል። የሚገድል በሽታ ቢያንስ አንድ ቀን ወጪው ያልቃል፤ ይሄኛው ግን ዕድሜ ልክ የሚከፈል ኪራይ ነው።

ወደ እኔ ልምጣ። ታዬ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበረና ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ የቪላ ሰፈር ውስጥ ጣሪያዋ የምታፈስ፣ በረንዳዋ ግን ከነጥላዋ የምታኮራ አሮጌ የኪራይ ቤት ትቶልኝ ሞተ። በዚያች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የከተማውን ሰው አለብሳለሁ። የከተማው ሰው የሚፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ አጭር እጅጌ። በድሬ ሙቀት ሰው ምክንያት የሚፈልገው ሸሚዝ ለመልበስ ነው፤ ለማውለቁማ አይቸገርም። እኔ ታዲያ ለሰው ሁሉ አጭር እየሰፋሁ ለራሴ አሥራ አንድ ዓመት ረጅም እጅጌ ለበስኩ። እስከ አንጓዬ የተቆለፈ። በግንቦት!

ጎረቤት የየራሱን ትርጉም ሰጠው። "ታዬ ድሮም ቄንጠኛ ነው" ያለ አለ። "ልብስ ሰፊ ጨርቅ መች ያጣል" ያለም አለ። ከእጅጌው ሥር ያለውን የምታውቀው ባለቤቴ ወይንሸት ብቻ ነበረች። ከክርኔ ወደ ታች ቆዳዬ ቀልቶና ወፍሮ፣ በላዩ ነጭ ቅርፊት ያወጣ ነበር፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ሌላ ይተካል። ጣቶቼን ግን እጅጌ አይደርስባቸውም። እነሱን አይቶ ለጠየቀኝ "የጨርቅ ቀለም በልቶኝ ነው" እል ነበር። የጨርቅ ቀለም ይቅር ይበለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ሰላምታው ነበር። ድሬ ውስጥ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሰላምታ እጅ ይፈልጋል። ወዳጅ ከወዳጅ ሲገናኝ እጅ ለእጅ ይያያዝና አንዱ የሌላውን እጅ ጀርባ ይስማል፤ የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የሐረሪው ልማድ ነው፣ እኛም ተወልደን አድገንበታል። እኔ ይህን ለማምለጥ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ከቤት ስወጣ አንድ ግራጫ ጣቃ ጨርቅ በሁለት እጄ አቅፌ እወጣለሁ። እጁ የተያዘ ሰው በአንገቱ ሰላም ቢል ማንም አይቀየመውም። ያቺን ጣቃ ለዓመታት ይዣት ዞርኩ፤ ሸሚዝ ሳትሆን አረጀች።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ እዚህ ከተማ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ጣቴን ያየ ሁሉ አዘዘልኝ። ክርና ጨርቅ የምገዛው ከአብዲ ነው፤ ጎረቤቴ ነው፣ የሶማሌ ልጅ፣ ሱቁ ከኔ በረንዳ ማዶ ነው። እሱ የግመል ወተት አለኝ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ እሬት አለችኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየና ሳልጠይቀው "ፍል ውሃ፣ ሦስት ቀን ብቻ!" ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሁሉንም ሞከርኩ። የግመል ወተቱን ከመቀባቴ በፊት ጠጣሁት፤ በጣም ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ወይንሸት እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጄን ያለ ጓንት ስትይዘኝ ደነገጥኩ። "ሶሪያሲስ ይባላል" አለችኝ። "አይተላለፍም። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ይገራል። ክኒኑንና ቅባቱን ስድስት ወር ሳታቋርጥ መውሰድ አለብህ፤ በየወሩም ደምህን እናያለን።" ሕመሜ ይህን የመሰለ የትልቅ ሰው ስም እንዳለው ስሰማ፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ቀና አልኩ።

የጤና መድን ደብተር አለን፤ ሐኪሟንም የደም ምርመራውንም ያለ ክርክር ሸፈነልን። መድኃኒቱ ግን በሐኪም ቤቱ መስኮት ሲጠየቅ "አልቋል፣ ከውጭ ግዙ" ሆነ። ውጭ ማለት ፋርማሲ ነው፤ ፋርማሲ ማለት ደግሞ ዋጋውን ሲነግሩህ ወንበር የማያቀርቡበት ቤት ነው። አንድ ወር ገዛሁ፤ ተሻለኝ። ሲሻለኝ ገንዘቤ አለቀ። ገንዘቤ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ፤ ያውም ጓዙን ጠቅልሎ። እንዲህ ስሄድ ስመለስ ከረምኩ።

ያን ጊዜ ነው ያ ነገር የመጣው። በየክረምቱ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እኔ ነኝ የምሰፋው። ሐምሌ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጣቃ በጣቃ ይመጣል፣ እስከ ጳጉሜ እቀድዳለሁ፣ እሰፋለሁ፤ ከዓመቱ እንጀራችን ግማሹ ያ ነው። አምና በጥር ዳይሬክተሯ ለናሙና የሰፋሁትን ሱሪ ልታይ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ነጭ ቅርፊት ተበትኗል። ከእጄ የረገፈ ነው። በጣቷ ጠረግ አደረገችው፤ ቀጥላም ጣቷን አየችው። ጨዋ ሴት ናት፣ ምንም ክፉ ቃል አልወጣትም። "ጋሼ ታዬ፣ ሕፃናት ናቸው የሚለብሱት፤ ወላጅ ደግሞ ያወራል። እስከ ሐምሌ እጅህ ከዳነ እንደ ወትሮው ላንተ ነው፤ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው መፈለጌ ነው" ብላኝ ሄደች። አውራ ጣቴ ተሰንጥቆ ስለነበር ያን ቀን መቀስም መያዝ አቅቶኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሱሪውን በብሩሽ ጠረግሁ። አፈርኩ። ሌላ ስም የለውም፣ አፈርኩ።

ስድስት ወር ለመድኃኒቱ፣ ስድስት ወር ለሐምሌ። ሒሳቡ ልክ መጣ፤ የጎደለው የመድኃኒቱ መግዣ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ፤ አቅም ለሌለው ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል ሲባል ሰምቻለሁ። ጸሐፊው በትሕትና ተቀበለኝ። "የት ነው የምትኖረው?" "ከዚራ።" ብዕሩን አስቀመጠ። "ከዚራ ቪላ ውስጥ እየኖርክ?" ቪላዋ በዝናብ ጊዜ ስድስት ባልዲ እንደምታስደረድረን ላስረዳው ሞከርኩ፤ እሱ ግን ቪላ ቪላ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ከመንገድ ሲያዩዋት ታምራለች።

ከዚያ ወይንሸት የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከሣጥን ሥር አወጣችው። አባቴና ጓደኞቹ የባቡር ሰዎች ተሰብስበው ያጸደቁት ነው፤ እድሩ ዛሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም የያዘ የሰፈር እድር ሆኗል፣ ደንቡ ግን ያው ነው። እኔ እድር የሚያውቀኝ ስሞት ነው ብዬ እኖር ነበር። እሷ ጣቷን አንድ አንቀጽ ላይ አድርጋ አነበበችልኝ። "ታሞ አልጋ የያዘ አባል፣ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት በአካል ተገኝተው ካረጋገጡ፣ እስከ ስድስት ወር የመድኃኒት ወጪው በየወሩ እየታየ ይሸፈንለታል።" ደስታዬ እስከ "አልጋ የያዘ" ድረስ ነበር። እኔ ያለብኝ በሽታ ቆሞ የሚያሳክክ በሽታ ነው።

ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም ብዬ የእድሩን ሰብሳቢ ጋሼ መኮንንን አስጠራሁት። ጋሼ መኮንንን ማወቅ አለባችሁ። ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ ያለ ቲኬት የተሳፈረች አማቱን መንገድ ላይ አውርዷል ይባላል። እሱ ሲጠየቅ "አማቴ አይደለችም፣ አክስቴ ናት" ብሎ ያስተካክላል። (አንቱ ሳልለው ማውራቴ አይግረማችሁ፤ ድሬ ውስጥ ንጉሥም ቢመጣ አንተ ነው የሚባለው፤ አክብሮቱ "ጋሼ" ላይ ያልቃል።) በክረምቱም በበጋውም ረጅም ሱሪውን፣ ካልሲውንና የተወለወለ ጫማውን ሳያጓድል፣ ደንቡን በብብቱ ይዞ በረንዳዬ ላይ ደረሰ።

"አልጋ ይዘሃል?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ቆሜ እያየኸኝ!"

"እኮ። ደንቡ አልጋ የያዘ ነው የሚለው። ቆሞ የሚያክ አይልም።"

ተሰናብቶ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመና ፊቱን ሳያዞር "ከምሳ በኋላ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

"ምን እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።"

"የት?"

"አልጋዬ ላይ ነዋ!"

"ኮሚቴው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ይመጣል" አለ። "አባሉ አልጋ ላይ ከተገኘ ለምን ተኛህ የሚል አንቀጽ የለም።"

ድሬዳዋን ለማታውቁ ላስረዳ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ይህች ከተማ ትተኛለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ጥላ ሥር ይቆማል፣ የቢሮ ሰው ቤቱ ይገባል። ጫት የሚቅመው ጋደም ብሎ ይቅማል፤ የማይቅመው ጋደም ብሎ ያንኮራፋል። እስከ አሥር ሰዓት ቆማ የምትውለው ፀሐይዋ ብቻ ናት። በስምንት ሰዓት የሰው ቤት ማንኳኳት እዚህ ከነገር ፍለጋ ይቆጠራል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አልጋ መያዜ ውሸት ነው? በዚያ ሰዓት አልጋ ያልያዘ ድሬ ውስጥ ማን አለ? አንድ ሰው አለ፤ ጋሼ መኮንን። ቀን የተኛ ተቆጣጣሪ ባቡር ያመልጠዋል እያለ፣ ባቡሩ ከቀረ በኋላም በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔ እንደ ወትሮው ተኛሁ። ወይንሸት ግን "ለበሽታ ክብር መስጠት ያስፈልጋል" ብላ ጋቢ ደረበችብኝ። በድሬ፣ በስምንት ሰዓት፣ ጋቢ! ኮሚቴው ሲገባ ላቤ ከግንባሬ ወደ ትራሱ ይወርዳል። ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ሆና "ውይ ትኩሳቱ!" አለች፤ እሷ የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ገንዘብ ያዡ አብዲ ነው፤ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ግማሹ ዓይኑ እንደተከደነ ገባ። "አቦ በስምንት ሰዓት! ወላሂ፣ መታከም ያለበት ሰብሳቢው ነው" እያለ ግድግዳ ተደገፈ።

ጋሼ መኮንን መነጽሩን አወጣ። "ሕመሙን አሳይ" አለ።

ጋቢው ውስጥ ሆኜ ቁልፌን ፈታሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት ከወይንሸትና ከሐኪም በቀር ማንም ያላየውን እጄን አወጣሁ። ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ "ይህን ይዘህ ነው በበዓል በበዓሉ የልጆቼን ልብስ ስትሰፋ የኖርከው?" አለች። ልትቀየመኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አብዲ ከግድግዳው ተነሳ። እንቅልፉ ጠፍቷል። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የተሰነጠቀ እጄን ጎትቶ በሁለት እጁ ያዘው፤ ከዚያም እንደ ሰው ሰላምታ የእጄን ጀርባ ሳመው።

"ወሪያ ታዬ" አለኝ በሶማሊኛ አጠራር። "ያቺ ጣቃ ለዚህ ነበረች? እኔ'ኮ ከኔ ሱቅ የገዛሃት ጨርቅ አልሸጥ ብላህ እያዞርካት ነበር የሚመስለኝ፤ ልመልስልህ እያልኩ ሳፍር ኖርኩ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ደስ አይልም፤ ደግነቱ ላቡ ሸፈነልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እኔ ግን ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ መኮንን ብቻ አልተነካም። እጄን እንደ ቲኬት ግራና ቀኙን አገላብጦ አየ። "ሐረር ስትወጣ፣ ብርድ ሲሆን ይብሳል?" ይብሳል። "ስትናደድ?" ይብሳል። "ሱፍ ሲነካው?" ኧረ በስመ አብ! "ክርን ላይ የጀመረ መጨረሻ ጉልበት ላይ ይወርዳል" አለ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ። እኔ የሐኪሟን ያህል ማወቁ ደንቆኝ፣ ደንብ የሚያነብ ሰው ሁሉን ያነባል ብዬ አለፍኩት። "አባሉ አልጋ ላይ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ፈረሙ።

ከዚያ የሆነውን ግን እኔም ወይንሸትም አላሰብነውም። የእድር ኮሚቴ የገባበት ቤት ወሬው አይቀርም። "ታዬ አልጋ ያዘ" ተባለ። ሰፈሩ በእግሩ መጣ። ጠያቂ ደግሞ የሚመጣው ሕመምተኛ በሚተኛበት ሰዓት ነው፤ ሁሉም እንቅልፉን ሠውቶ መጣልኝ። ብርቱካን መጣ! ማንጎ መጣ፣ ፓፓያ መጣ፣ ሐሉዋ መጣ። እያንዳንዱ ጠያቂ ወይንሸትን ወደ ጓዳ እየጠራ "ይተላለፋል እንዴ?" ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ እኔም መንገደኛውም እንድንሰማ አድርጋ "አይተላለፍም! ሐኪሟ ያለ ጓንት ነው የያዘችው!" ትላለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ይህ ጥያቄ ቀረ። አልጋ ያዝኩ በተባልኩበት ሳምንት አንድ ቀን እንኳ የቀን እንቅልፍ አልተኛሁም።

ድጋፉ በየወሩ የሚታይ ስለሆነ ስድስት ወር ሙሉ የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት አልጋ ያዝኩ። አብዲ ሁለተኛው ወር ላይ ትራሱን ይዞ መጣና ፊርማው እስኪደርስ ወለሉ ላይ ጋደም አለ። ጋሼ መኮንን ግን እጄን ከወር ወር ረዘም ላለ ጊዜ ያያል። ቅርፊቱ ሲሳሳ፣ ቅላቱ ሲፈዝ፣ አውራ ጣቴ ሲገጥም በዓይኑ ተከታተለው። "ክኒኑ ሆድ ይነካል?" ይለኛል። "ደም ሲቀዱ ያማል?" እኔም ለእድሩ ገንዘብ ተቆርቁሮ እየመሰለኝ አንድ በአንድ እመልስለታለሁ።

ሐምሌ ገባ። ዳይሬክተሯ መጣች፤ ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁላት፣ መዳፏን ከዳር እስከ ዳር ሳበችበት። መዳፏን አየችው። ምንም የለም። "ስንት ሰው ትቀጥራለህ ዘንድሮ?" አለችኝ፤ የተማሪው ቁጥር ጨምሯል። እሷ ከወጣች በኋላ መቀሴን አነሳሁና በአውራ ጣቴ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረግሁት። እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን ረስቼው ነበር። በማግስቱ ያቺን አሮጌ ግራጫ ጣቃ ከመደርደሪያ አውርጄ ለራሴ ሸሚዝ ቀደድኩ። አጭር እጅጌ። ለብሼያት ስወጣ ሁለት እጄ ባዶውን፣ ንፋሱ ክርኔን ነካኝ፤ እስከ አብዲ ሱቅ ድረስ ሰው ሁሉ በእጁ ሰላም አለኝ። መንገድ ለመሻገር ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ወይዘሮ አስካለ ልጇ ዘንድ መልካ ጀብዱ ልትኖር ስትሄድ፣ ጠቅላላ ስብሰባው "አልጋ መያዝን የሚያውቅ ሰው ይግባ" ብሎ በእሷ ቦታ እኔን መረጠ። በዚያው ሰሞን ጋሼ መኮንን ሱሪ ሊያሰፋ በረንዳዬ ላይ መጣ። ሜትሬን ይዤ ተንበረከክሁ። ልኩን ስጽፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጉልበቱ ላይ ሰፋ አድርገው፤ ጨርቁ ይነካኛል" አለ።

ልብስ ሰፊ ብዙ ነገር ያውቃል፤ አፉን ዘግቶ ይለካል። ቀና ብዬ አየሁት። ግራ ቀኝ ተመለከተና የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው። የራሴን ክርን ያየሁ መሰለኝ። ያው ቅላት፣ ያው ነጭ ቅርፊት፤ ብቻ የእሱ የቆየ ነው።

"ስንት ጊዜህ ነው?"

"ባቡር ላይ እያለሁ ነው የጀመረኝ" አለ።

"ጋሼ! ታዲያ ደንቡን የምታውቀው አንተ! ለምን አልጠየቅህም?"

"አልጋ አልያዝኩማ" አለ፤ ቅር ብሎት። "ቀን ተኝቼ አላውቅም። ደግሞስ፣ ራሴ አጣርቼ ራሴ ፈርሜ ራሴ ልቀበል?"

ለደንብ ሲል ዕድሜውን ሙሉ ያከከ ሰው ፊቴ ቆሟል። ለኔ ቀዳዳ ፈልጎ ያሳለፈኝ ሰው፣ ለራሱ በሩን ቆልፎ ውጭ ቆሞ ኖሯል። ተናደድኩበትም፣ ወደድኩትም። ልኩን ጽፌ ጨረስኩና የራሱን ቃል መለስኩለት፤ "ኮሚቴው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ይመጣል።"

ቅዳሜ እኔና አብዲ ሄድን። በሩ ላይ ወንበሩ የለም። ገባን። ጋሼ መኮንን አልጋው ላይ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ አንሶላውን እስከ ደረቱ ስቦ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የተወለወለው ጫማው ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጉልበቱን አየን። ወረቀቱን አወጣሁ፤ "አባሉ አልጋ ላይ ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አብዲም ፈረመ።

"ስንት ናችሁ?" አለ ጋሼ መኮንን ከአልጋው ላይ።

"ሁለት።"

"ደንቡ ሦስት ይላል።"

"አቦ ጋሼ!" አለ አብዲ። "ሦስተኛው አንተ ነህ እኮ!"

ጋሼ መኮንን ጥቂት አሰበ። ከዚያ አንሶላውን ገለጠ። ተነሳ። ጫማውን አደረገ፣ ክሩን አሰረ፣ መነጽሩን ሰካ፣ መጥቶ ከእኛ ጎን ቆመ። ባዶውን አልጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ በጥንቃቄ ተመለከተው፤ የተጎደጎደውን ትራስ በእጁ ነካ አድርጎ ሙቀቱን አረጋገጠ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ቆሞ ፈረመ።

"ትክክል ነው፤ ተኝቷል" አለ።

ብዕሬን መለሰልኝ፣ ጫማውን አውልቆ እንደነበረ ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ ወደ አልጋው ተመለሰ። እኛ በሩ ጋ ሳንደርስ ያንኮራፋ ጀመር።